ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋ ደን አእዋፋችን

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሰፊ እርሻና የግጦሽ መስክ ነው፤ ቀጥሎም በየመንደሩ ዙሪያ የቆመውን ባሕር ዛፍ ያያል። ጽድና ወይራ የሚታዩት አልፎ አልፎ ነው፤ ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና መጥረቢያ በቀላሉ በማይደርስበት የገደል አፋፍ። ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ግን በቦረናና በሳይንት መካከል የደንቆሮ ጫካ ይገኛል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ማለት ነው። እዚያ ኮሶው፣ አስታው፣ ጅብራው ገና በሥፍራቸው አሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚሁ ደጋ ይኖራሉ፤ ጋጋኖ ማለዳ እየጮኸ በላዩ ያልፋል፤ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራም በሜዳው ላይ ይንጎራደዳል።

ከእነዚህ እንስሳት ስም ጀርባ አንድ ሰው አለ። የማኅበራችን አባላት በየዕለቱ የሚያገላብጡትን የአእዋፍና የአጥቢዎች ዝርዝር ቢመለከቱ፣ ከሳይንሳዊው ስም ቀጥሎ የገላጩ ስም ሆኖ ሩፔል የሚለው ቃል ደጋግሞ ይገጥማቸዋል። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕይወቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ያቀርባል፤ ከዚያም ጋር ስም አውጥቶላቸው የሄደው የደን አእዋፍ ደናቸው ሲቆረጥ ምን እንደሚደርስባቸው ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ኤድዋርድ ሩፔል ኅዳር 20 ቀን 1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ስለ ነበር ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሆኖም በወጣትነቱ ወደ ግብፅና ወደ ሲና ምድር ባደረገው ጉዞ ልቡ ከንግድ ወደ ተፈጥሮ ጥናት ተሳበ። ወደ አውሮፓ ሲመለስም በኢጣልያ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ፤ በሥነ ፈለክ መሣሪያ የአንድን ሥፍራ አቀማመጥ መለካትንም ተማረ። ይህ የመጨረሻው ሙያ በኋላ ዘመን ከብዙዎቹ ተጓዦች ለይቶታል፤ ሩፔል ያየውን ብቻ ሳይሆን ያየበትን ሥፍራና ከፍታም በቁጥር የሚጽፍ ሰው ሆኖ ተገኝቷልና።

በዚያን ጊዜ በፍራንክፈርት በ1817 የተመሠረተ ዘንከንበርግ የተባለ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ነበር። ሩፔል በማግሥቱ ዓመት የዚህ ማኅበር አባል ሆነ። ማኅበሩ ገና ለጋ ነበር፤ ቤተ መዘክሩም የሚያሳየው ብዙ ነገር አልነበረውም። ባለጸጋው ወጣት ግን ከአባቱ የወረሰውን ሀብት ለጉዞ አዋለው፤ የሚሰበስበውንም ሁሉ ለከተማው ቤተ መዘክር ለመስጠት ወሰነ። በዚህ ሐሳብ ከ1822 እስከ 1827 ድረስ በግብፅ፣ በሲና፣ በሱዳንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጓዘ። ያመጣቸው አእዋፍ በማኅበሩ መሥራች በሐኪሙ ክሬችማር እየተመረመሩ ታተሙ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ሩፔል ዐይኑን ወደ ኢትዮጵያ ደጋ አቀና።

በዘመነ መሳፍንት ጎንደር

ሩፔል በ1831 ምጽዋ ሲደርስ አገሪቱ ሰላም አልነበራትም። በዚያው ዓመት በየካቲት በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ወድቀዋል፤ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ተገድለዋል። ስለዚህ ከጠረፍ ወደ ደጋ የሚወስደው መንገድ ለነጋዴም ለተጓዥም አስጊ ነበር። ሩፔል በባሕሩ ዳርቻ ቆይቶ በ1832 ወደ ላይ ወጣ፤ ትግራይን አቋርጦ፣ በሰሜን ተራራዎች ሰንብቶ፣ በዚያው ዓመት ጎንደር ገባ። እስከ 1833 ድረስ በጎንደርና በአካባቢው ከቆየ በኋላ በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በአክሱም የንጉሥ ዒዛናን የግእዝ ጽሑፎች ገልብጦ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀ።

በጎንደር የረዳው ዋናው ሰው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሊቅ አጽቁ ነው። ሩፔል በእርሱ ረዳትነት የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና ሌሎች የብራና መጻሕፍት አግኝቶ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ፤ መጻሕፍቱም ዛሬ በዚያው ከተማ ይገኛሉ። ስለዚህ የታሪክ ሰዎች ሩፔልን የሚያውቁት በብራናዎቹ ነው፤ እኛ ደግሞ በአእዋፉ። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ የሥራውም ጠባይ በሁለቱም ዘርፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ መሰብሰብ፣ መለካት፣ መዝግቦ ማስቀመጥ።

ወሎን ሩፔል አልረገጠም። ሆኖም በሰሜን ተራራዎች ያገኛቸው እንስሳት ብዙዎቹ በወሎ ደጋም የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ለአቀስታና ለመካነ ሰላም የተፈጥሮ ባለሙያ የእርሱ መጽሐፍ የጎረቤት አገር መጽሐፍ አይደለም።

የሰየማቸው እንስሳት

ሩፔል በ1834 ወደ አውሮፓ ተመልሶ ለብዙ ዓመታት ጽሑፍ ላይ ተቀመጠ። ከ1835 እስከ 1840 ስለ ኢትዮጵያ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚገልጸውን መጽሐፉን በየክፍሉ አወጣ፤ ከ1838 እስከ 1840 የጉዞ ታሪኩን በሁለት ጥራዝ አሳተመ፤ በ1845 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አእዋፍን በሥርዓት የሚዘረዝር መጽሐፍ አበረከተ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠው፤ ከእንግሊዝ ውጭ ካሉ ሰዎች ይህን ክብር ሲያገኝ እርሱ የመጀመሪያው ነበር።

ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው አጥቢዎች መካከል ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይገኛሉ። ከአእዋፍ ወገን ጋጋኖን፣ ምንቃረ ወፍራሙን ቁራ፣ አንገተ ነጩን የደጋ እርግብ፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ገልጿል። ከደን አእዋፍ ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አምስቱን መጥቀስ ይበቃል። አንደኛው ጉንጩ ነጭ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቱራኮ ነው። ሁለተኛው በደረቀ ግንድ ላይ ጎጆውን የሚፈለፍለው፣ ደረቱ በጥቁርና በነጭ የተሸነተረው ባርቤት ነው። ሦስተኛው ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ነው። አራተኛው በጨለማው የደን ሥር ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር፣ ንጋትና ምሽት ላይ በልዩ ልዩ ቅላጼ የሚዘምር፣ በእንግሊዝኛ በሩፔል ስም የሚጠራ ትንሽ ወፍ ነው። አምስተኛው ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ እየተነሣ ነፍሳትን የሚይዘው ቡናማ ዝንብ አዳኝ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ለዋልያና ለጭላዳ ሩፔል የሰጣቸው ሳይንሳዊ ስሞች ከአገሩ ሰው አፍ የተወሰዱ ናቸው፤ በመላው ዓለም የእንስሳት ሊቃውንት ዛሬም እነዚህን ቃላት ሲጽፉ ሳያውቁት የእኛን ቋንቋ ይጽፋሉ። ቀይ ቀበሮውም የሰሜንን ስም ይዟል። ለደን አእዋፍ ግን እንዲህ አልሆነም። ቱራኮው በጆሮው ንጣት፣ በቀቀኑ በግንባሩ ቢጫነት፣ ቁራው በምንቃሩ ውፍረት በላቲን ተሰየሙ። ስማቸው የተወሰደው በጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ደረቅ ቆዳና ላባ ነው እንጂ ከኖሩበት ዛፍ ወይም ዛፉን ከሚያውቀው ሰው አይደለም።

ያልተጻፈው ስም

በጉዞው ላይ ሩፔልን የረዳ ቴዎዶር ኤርክል የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ሥራው የታደኑትን እንስሳት ቆዳ ገፎ ማድረቅ ነው። ሩፔል ውለታውን አልረሳም፤ በ1835 ከገለጻቸው ወፎች አንዱን፣ በሰሜኑ ደጋ ቁጥቋጦና በደን ዳር የሚኖረውን ትልቁን ቆቅ፣ በኤርክል ስም ጠራው። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ወፉ የሚያድርበትን ቁጥቋጦ ያሳየው፣ ወጥመዱን ያጠመደው፣ የቱራኮውን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ያመለከተው የአገሩ ሰው በአንድም ወፍ ስም አይታወስም። ይህ የሩፔል ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የዘመኑ የአሰባሰብ ልማድ ነው። ነገር ግን ጉድለቱ የሞራል ብቻ ሳይሆን የሳይንስም ነው። ያ ሰው የሚያውቀው፣ ማለትም ወፉ የትኛውን ፍሬ እንደሚበላ፣ በየትኛው ዛፍ ቀዳዳ እንደሚፈለፍል፣ ዝናም ሲቀር ወዴት እንደሚሄድ፣ አብሮት ሳይጻፍ ቀረ። በፍራንክፈርት የተቀመጠው ቆዳ ወፉ ምን እንደሚመስል ይነግረናል፤ ያለ ምን እንደማይኖር ግን አይነግረንም።

ደን ሲቆረጥ

ሩፔል ሳይጽፈው የቀረው ነገር ከእርሱ ሞት በኋላ ባለው ዘመን፣ በተለይም ባለፉት ሃምሳ ዓመታት፣ በሐሩር አገሮች ሁሉ ጥያቄ ሆኗል። መጥረቢያ፣ በኋላም የሞተር መጋዝ፣ ወደ ደን ሲገባ የትኛው ወፍ ይጠፋል? የትኛውስ ይቀራል?

የመጀመሪያው ጉዳት ትልቁና ያረጀው ዛፍ ላይ ይደርሳል፤ ዛፍ ቆራጭ የሚፈልገው እርሱን ነውና። ጽድ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቀረሮ ለጣውላና ለቋሚ የሚመረጡት በውፍረታቸው ነው። የደረቀውና የተቦረቦረው ግንድ ደግሞ ለማገዶ ይወሰዳል። በውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ደኑን ማጽዳት ይመስላል። ነገር ግን ባርቤትና ግንደ ቆርቁር ጎጆ የሚፈለፍሉት በሞተ እንጨት ነው፤ በቀቀንና ሌሎች አእዋፍም ቀዳዳ የሚያገኙት ያረጀ ዛፍ ሲኖር ነው። አንድ ዛፍ ለዚህ እስኪደርስ ብዙ አሥር ዓመታት ይፈጅበታል። ስለሆነም የደን ልምላሜ ሳይጎድል የአእዋፉ ቤት ሊጎድል ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት በደኑ ሥር ይደርሳል። ከላይ ያለው ጥላ ሲከፈት ፀሐይና ነፋስ ወደ ታች ይገባሉ፤ እርጥበቱ ይቀንሳል፤ በወደቀ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩት ነፍሳት ይለወጣሉ። በሐሩር አገሮች የተደረጉት ጥናቶች በብዛት የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ለእንጨት ቆረጣ በጣም ስስ የሆኑት ከደን ሥር ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎች መሆናቸው ነው። እነዚህ ወፎች ብርሃን ወዳለበት ገላጣ ሥፍራ ለመሻገር ስለሚሠጉ፣ ደኑ ሲቆራረጥ በተረፈው ቁራጭ ውስጥ እስረኛ ይሆናሉ። በሩፔል ስም የሚጠራው የንጋት ዘማሪም ከዚህ ዓይነት ኑሮ ጋር የተቆራኘ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ወደ ደኑ ራሱ የሚመለስ ነው። ቱራኮ፣ እርግብና ባርቤት ፍሬ በሊታ ናቸው። የወይራና የጽድ ፍሬ በልተው ዘሩን በሌላ ሥፍራ ይጥላሉ። ፍሬ የሚሰጡት ዛፎች ተመርጠው ሲቆረጡ ፍሬ በሊታው ይሄዳል፤ እርሱ ሲሄድ ደግሞ ዘሩን የሚዘራ አይኖርም። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የተደረገው ቆረጣ ከቆራጩ ዕድሜ በኋላም መቁረጡን ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ሊያታልል እንደሚችል መታወቅ አለበት። በ2014 የታተመ፣ ከብዙ የሐሩር አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያነጻጸረ ሥራ እንዳሳየው፣ የእንጨት ቆረጣ እየበዛ ሲሄድ የአጥቢዎችና የእንቁራሪት ወገኖች ዝርያ ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ የአእዋፍ ጠቅላላ ዝርያ ቁጥር ግን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ ወፎች ቆረጣን ስለሚወዱ አይደለም፤ ከደን ውጭ የለመዱ ወፎች በተከፈተው ሥፍራ ስለሚገቡ ነው። በአገራችንም በጅማ አካባቢ ተጠንቶ በ2015 የታተመው የጥላ ቡና ጥናት ተመሳሳይ ነገር አመልክቷል። በጥላ ቡናው ውስጥ ከደኑ ይልቅ ብዙ ዓይነት ወፍ ተገኝቷል፤ የደን ሥር ነፍሳት ለቃሚዎች ድርሻ ግን በደኑ ውስጥ ከፍ ያለ ነበር። እንግዲህ የዝርያ ብዛት ብቻ ቆጥሮ ደኑ ደኅና ነው የሚል ባለሙያ፣ እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ መጥፋቱን ያልተመለከተ የቤት ጎብኚ ይመስላል።

የወሎ ደጋና የባሕር ዛፍ ጥያቄ

ስለ ወሎ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ አገሩ በቅርብ ዘመን በደን ተሸፍኖ እንደ ነበረና በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንደ ተራቆተ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ በ1937 የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን በ1997 ከነበረው ገጽታ ጋር አነጻጽሮ በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በብዙዎቹ ሥፍራዎች ዛፍ የበዛው በኋለኛው ዘመን መሆኑን አሳይቷል። የበዛው ዛፍ ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። የሰሜኑ ደጋ ብዙው ክፍል ከጥንት ጀምሮ የታረሰ እንደ ሆነም ይታወቃል።

ይህ ግኝት ለደን ባለሙያ መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአእዋፍ ባለሙያ ግን ጥያቄውን ያከብደዋል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ገበሬው አጣናውን ሸጦ ግብር ከፍሏል፣ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፤ ብዙ የጽድና የወይራ ዛፍም በባሕር ዛፍ ምክንያት ከመቆረጥ ድኗል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለቱራኮ የሚበላ ፍሬ የለውም፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚቆረጥ ለባርቤት የሚሆን የሞተ ግንድ አያተርፍም፤ ከሥሩም ለነፍሳት ለቃሚው ወፍ የሚበቃ ቁጥቋጦ አያበቅልም። ዛፍ ጨምሯል ማለት ደን ጨምሯል ማለት አይደለም።

በወሎ ደጋ የተፈጥሮውን ደን የሚያሳንሰው የትልቅ ኩባንያ መጋዝ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር ከወይራ ይጠረባል፤ ቋሚና ማገር ከጽድ ይቆረጣል፤ አስታው ለማገዶ ይለቀማል፤ ከብት በደኑ ሥር ገብቶ ችግኙን ይግጣል። እያንዳንዱ ጥቂት ነው፤ በተራራ ላይ ለተረፈ ጠባብ ደን ግን ጥቂቱ ይበዛበታል። ስለሆነም መፍትሔው ገበሬውን ወንጀለኛ በማድረግ አይገኝም። የመጥረቢያውን ጉዳይ ያለ ማገዶው ጉዳይ ማንሣት ከንቱ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሩፔል ከ1845 መጽሐፉ በኋላ ከእንስሳት ጥናት ቀስ በቀስ ራቀ። ጠባዩ ቆፍጣና፣ ለስሕተት ትዕግሥት የሌለው ነበር፤ ሀብቱንና ጉልበቱን ከሰጠው ማኅበር ጋር የነበረው ግንኙነትም ቀዘቀዘ። የቀረውን ዘመን በአብዛኛው ያሳለፈው ጥንታዊ ገንዘቦችንና ሜዳሊያዎችን በማጥናት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884፣ በተወለደ በ90 ዓመቱ፣ በዚያው በፍራንክፈርት ዐረፈ። ብዙ አገር የዞረው ሰው ተወልዶ ባደገባት ከተማ ተቀበረ።

በ1852 ጀርመናዊው የአእዋፍ ሊቅ አልፍሬድ ብሬም አንድ ትልቅ ጥንብ አንሣ በሩፔል ስም ጠርቶ ነበር። ይህ አሞራ በዘመኑ በአፍሪካ ሰማይ የበዛ ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ግን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ተመዝግቧል። ሩፔል የገለጸው ቀይ ቀበሮም በመላ አገሪቱ የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ስም መስጠት ዕድሜ መስጠት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ለእኛ የቀረልን

የሩፔል ሥራ ለዛሬው ባለሙያ ሁለት ነገር ትቶለታል። አንደኛው መነሻ ነው፤ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት በደጋችን ምን ዓይነት ወፍ እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ናሙናዎችና መጻሕፍት። ሁለተኛው ጉድለቱ ነው፤ ጉድለቱም እንደ ሥራው ያስተምራል። እርሱ ወፉን ከዛፉ ለይቶ መዘገበ፤ ዛፉን የሚያውቀውን ሰውም ሳይመዘግብ ቀረ። እኛም በሌላ መንገድ ይህንኑ ልንደግም እንችላለን፤ የደኑን ስፋት በሄክታር ብቻ ስንለካ፣ የዛፉን ብዛት በችግኝ ብቻ ስንቆጥር፣ የወፉን ደኅንነት በዝርያ ቁጥር ብቻ ስንገምት።

ስለዚህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የቆረጣ ፈቃድ የሚመረምር የሙያ ባልደረባችን ከእንጨቱ መጠን ሌላ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። የሞተና የተቦረቦረ ግንድ በሥፍራው ይቀራል ወይ? ፍሬ የሚሰጠው ወይራና ጽድ ተርፏል ወይ? የደኑ ሥር ከከብትና ከገጀራ የተጠበቀበት ክፍል አለ ወይ? ይህን ለመጠየቅ የወርቅ ሜዳሊያ አያስፈልግም፤ በዚያ ደን ዳር ያደገውን እረኛ አብሮ ይዞ መውጣት ይበቃል። እረኛው የሚናገረውንም ከነስሙ መጻፍ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሩፔል የጀመረው መዝገብ የጎደለውን ገጽ ያገኛል።